የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሴረሙ ለምን ቀላ?

በዚህ ወር የደረሱኝ ደብዳቤዎች ተማክረው የተጻፉ ይመስል ሁሉም ስለ ደም ይጠይቃሉ። አንዱ የፍየል፣ አንዷ የላም፣ ሌላው የሞተ በሬ፣ አንዷ ደግሞ ከባሕር ማዶ ሆና የእናቷን ውሻ ደም። ከጡረታዬ በፊት 31 ዓመት የሠራሁት በአንድ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ፣ ለዚያውም አብዛኛውን ጊዜ ናሙና መቀበያው መስኮት ላይ ስለ ነበር ጥያቄዎቹን እንደ ዘመድ ነው የተቀበልኳቸው። እዚያ መስኮት ላይ የቆመ ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይገባዋል፦ በረት ውስጥ የተበላሸ ደም ላቦራቶሪ ገብቶ አይድንም። ስለዚህ መልሴ አብዛኛው ስለ እጅ፣ ስለ መርፌና ስለ መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ በደቡብ ወሎ በአንድ ወረዳ የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ። ሥራ ከጀመርኩ ገና ዓመቴ ነው። በአንድ ቀበሌ ፍየሎች እየጨነገፉ ስላስቸገሩ ከ42 ፍየሎች ደም ቀድቼ ወደ ላቦራቶሪ ላክሁ። ከ42ቱ 29ኙ «ሴረሙ ቀልቷል፣ ለምርመራ አይሆንም» ተብሎ ተመለሰ። የቀዳሁት በ10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ነው። ቀይ ክዳን ባለው ቲዩብ ውስጥ ገፍቼ ካስገባሁት በኋላ እንዳይበላሽ ብዬ ወዲያው በረዶ ውስጥ ቀበርኩት። መኪናው አራት ሰዓት ተጉዞ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። ጥፋቴ የቱ ላይ ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ጥፋትህን ራስህ ጽፈኸዋል። ደብዳቤህን መልሰህ አንብብና «ገፍቼ»፣ «ወዲያው»፣ «ቀበርኩት» ከሚሉት ቃላት ሥር አስምርባቸው።

ሴረም ደም ከረጋ በኋላ የሚጠለለው ፈሳሽ መሆኑን ተምረሃል። እኔ ግን እናትህ አይብ ስታወጣ የምታየውን አጓት እንድታስብ እፈልጋለሁ። አይቡ በራሱ ጊዜ ይሰበሰባል፣ አጓቱ በራሱ ጊዜ ይለያል፤ መሃል ላይ ገብቶ የሚያማስል ሰው ያደፈርሰዋል። ጥሩ ሴረም እንደ ብርዝ ነው፤ ጥርት ያለ፣ ቢጫነት ያለው፣ ከበስተጀርባው የተያዘ ጽሑፍ የሚነበብበት። የተበላሸው ደግሞ እንደ ከርከዴ ይቀላል። ቅላቱ የሚመጣው ከፈረጡ ቀይ የደም ሕዋሳት ነው። ቀይ የደም ሕዋስ ስስ ከረጢት ናት። በጠባብ ቀዳዳ በጉልበት ብትገፋ ትፈርጣለች፣ በረዶ ብትሆን ትፈርጣለች፣ የውሃ ጠብታ ብታገኝ ትፈርጣለች፣ ሳትረጋ ብትናጥም ትፈርጣለች። አንተ ከአራቱ ሦስቱን አድርገህባታል።

ከ«ገፍቼ» እንጀምር። ደሙን በሲሪንጅ ከቀዳህ በኋላ መርፌውን በጥንቃቄ ንቀል፣ የቲዩቡን ክዳን ክፈት፣ ደሙን በቲዩቡ ግድግዳ ላይ ቀስ አድርገህ አውርደው። በመርፌው ቀዳዳ በኩል መልሰህ የገፋኸው ደም ግማሽ መንገድ ላይ ተበላሽቷል። ቲዩቡ አየር የወጣለት ከሆነ ጭራሽ አትግፋ፤ የሚበቃውን ራሱ ይስባል። ለፍየልና ለበግ ቁጥር 20 ወይም 21 መርፌ፣ ለከብት ቁጥር 18 ያዝ። ቁጥሩ ሲያንስ መርፌው እንደሚወፍር አትርሳ፤ በዚህ የተሳሳቱ ባለዲግሪዎች አውቃለሁ። ቆዳውን በአልኮል ከጠረግህ በኋላም እስኪደርቅ ጠብቅ፤ እርጥብ አልኮል ከደሙ ጋር ከገባ ያው ነው።

አያያዙን እንደማውቀው ልንገርህ። ፍየሏን ባለቤቷ ይያዛት እንጂ አንተ አትያዛት፤ የምታውቀው እጅ ነው። ጀርባዋን ከግድግዳ ያስጠጋ፣ አገጯን ወደ ላይ ቀና ያድርግና አንገቷን በትንሹ ወደ ጎን ያዙረው። ረጅም ጸጉር ካላት አንገቷ ላይ የእጅ መዳፍ ያህል ላጭ። በግራ አውራ ጣትህ ከአንገቷ ግርጌ የደም ሥሩ የሚያልፍበትን ቦይ ተጫን። ሦስት አራት እስክትቆጥር ከጣትህ በላይ የደም ሥሩ ጠፍር መስሎ ይነሳል። በሌላኛው እጅህ ጣት ነካ ብታደርገው እንደተሞላ አቁማዳ ይመልስልሃል። ይህ ስሜት እጅህ ላይ ሳይመጣ መርፌ እንዳታነሳ! ሁለት ጊዜ ሞክረህ ካጣህ በሌላ ጎን ሞክር ወይም ፍየሏን አሳርፍ። አንድ ቦታ ላይ መርፌ እያዞሩ መፈለግ እንስሳውንም ያሠቃያል፣ ደሙንም ያፈርጣል። አምስት ሚሊ ሊትር ይበቃሃል። መርፌውን ከመንቀልህ በፊት አውራ ጣትህን አንሳ፣ ከነቀልክ በኋላ ቀዳዳውን በጥጥ ተጭነህ ቆይ።

«ወዲያው» ያልከው ደግሞ ደጋ ላይ ለሚሠራ ሰው ዋናው ወጥመድ ነው። ደም ለመርጋት ሙቀት ይፈልጋል። ቲዩቡን ጋደም አድርገህ ፀሐይ በማያገኘው፣ ብርድም በማይመታው ቦታ ከአንድ እስከ ሁለት ሰዓት ተወው። እኔ ውርጭ ባለበት ጠዋት ቲዩቦቹን በጋቢ ጠቅልዬ መኪናው ውስጥ አስቀምጥ ነበር። ከረጋ በኋላ ሴንትሪፊውጅ ካለህ በደቂቃ ከ2,000 እስከ 3,000 ዙር ለ10 ደቂቃ አሽከርክረው። ወረዳህ ይህ መሣሪያ እንደሌለው እገምታለሁ፤ አትጨነቅ። ማታውን ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አሳድረህ ጠዋት ከላይ የተጠለለውን ወደ ንጹሕ ትንሽ ብልቃጥ ገልብጠው። መንገድ የሚሄደው ይህ የተለየው ሴረም ብቻ ነው። ያልረጋ ደም ጭኖ አራት ሰዓት በኮረኮንች መሄድ ወተት መናጥ ነው፤ ቅቤው ግን አይወጣም።

«ቀበርኩት» ያልከውን በተመለከተ፣ በረዶ የነካው የቲዩብ ግድግዳ ውስጥ ያለው ደም ይቀዘቅዛል ሳይሆን ይጋገራል። ቲዩቦቹን በጋዜጣ ጠቅልል፣ አይስ ፓኩን በጎንና በጎን አድርግ፣ በመሃሉ ጨርቅ ይግባ። የምትፈልገው 4 ዲግሪ አካባቢ ነው። የተለየ ሴረም በዚያ ቅዝቃዜ ለጥቂት ቀናት ይቆይልሃል፤ ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ይግባ። ያልተለየ ደም ግን በምንም ምክንያት ፍሪዘር አይግባ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደረሰ ላልከው ምን እንበል? ሰኞ ወይም ማክሰኞ ላክ። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ዓርብ ከሰዓት በኋላ ምን እንደሚመስል አንተም ሠራተኛ ነህ፣ ታውቀዋለህ።

ቲዩቡ ላይ ስለሚጻፈው አልጠየቅከኝም፤ እኔ ግን ሳልናገር አላልፍም። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት 60 የከብት ደም ይዤ ከቆላ ተመለስኩ። ቁጥሩን በእስክሪብቶ በፕላስተር ላይ ጽፌ ለጥፌበታለሁ። መንገድ ላይ በረዶው ቀለጠ፣ ቀለሙ ታጠበ፣ የቀረው ሰማያዊ ውሃና 60 ስም አልባ ብልቃጥ ነበር። አለቃዬ አልተቆጡኝም፤ «ተመለሺና ንገሪያቸው» ብቻ አሉኝ። ተመለስኩ። ከብቶቿን ግማሽ ቀን ነድታ ያመጣች አንዲት እናት ገመዱን በእጇ እንደያዘች «የፊተኛውን የት አደረሳችሁት?» አለችኝ። እስከ ዛሬ መልስ የለኝም። ስለዚህ በማይለቅ ማርከር፣ በቲዩቡ ገላ ላይ፣ ቆዳው ላይ አልኮል ከመቀባትህ በፊት ጻፍ። ክዳን ላይ አትጻፍ፤ ክዳን ከክዳን ይቀያየራል። በወረቀቱ ላይ ደግሞ በእርሳስ፦ የባለቤቱ ስም፣ ቀበሌው፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ በስንተኛው ወር እንደጨነገፈች፣ ምን ክትባት መቼ እንደተሰጣት። ክትባቱን የምጠይቅህ በከንቱ አይደለም። ለምሳሌ የበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ ክትባት የወሰደች ፍየል ሴረሟ ላይ የሚታየው፣ ሰውነቷ በሽታውን ለመዋጋት የሚሠራው መከላከያ በበሽታው ተይዛ ከዳነችው አይለይም። ካልጻፍክ ላቦራቶሪው ክትባትህን በሽታ ብሎ ይመልስልሃል።

አሁን ወደ ቀበሌው ተመለስ። ከጨነገፉትም ካልጨነገፉትም ውሰድ፤ የታመመውን ብቻ ያየ ሰው ማነጻጸሪያ የለውም። ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ቆይተህ ከነዚያው ፍየሎች ድገም፤ መከላከያው ከፊተኛው ከፍ ብሎ ከተገኘ በሽታው አዲስ መሆኑን ይነግርሃል። ፍየል የሚያስጨነግፈው ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ ከሆነ ላቦራቶሪው ሮዝ ቤንጋል በሚባለው ምርመራ የሚያየው በ4 ደቂቃ ነው። አንድ ጠብታ ሴረም፣ አንድ ጠብታ ሐምራዊ ፈሳሽ፣ መነቅነቅ፣ ቋጠሮ ይታያል ወይስ አይታይም? በሽታው አለ የሚል ምልክት ካሳየ ሌላ ማረጋገጫ ምርመራ ይከተላል። ከርከዴ የመሰለ ሴረም ግን ይህንን ንባብ ያሳስታል፤ የመለሱልህ ሰዎች አልበደሉህም።

ጓንትም አድርግ። ብሩሴሎሲስ ሰው ላይ ይመጣል፤ ጽንሱንና የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅ የነካ፣ ጥሬ ወተት የጠጣ ይያዛል። ለባለቤቶቹም ይህንኑ ንገር፣ ወተቱን ያፍሉት። ለምን እንደገና እንደመጣህም ራስህ ንገራቸው፤ ሾፌሩ እንዳይነግርልህ።

ጥያቄ፦ ደብረ ብርሃን ዳር ሁለት የተዳቀሉ ላሞች አሉኝ። ባለፈው ወር ሦስት ሰዎች መጥተው ከሁለቱም አንገት ደም ቀዱ። በዚያው ማታ አንደኛዋ ከወትሮው ሁለት ሊትር ያህል ቀነሰች። ባለቤቴ «ደሟን ምን ሊያደርጉት ነው? ሁለተኛ ደጃችንን እንዳይረግጡ» ብሏል። ውጤቱንም እስከ ዛሬ የነገረን የለም። ደም መቀዳት ላምን ይጎዳል?

መልስ፦ እህቴ፣ አይጎዳም። ሒሳቡን እንሥራው። ከከብት ክብደት ከ7 እስከ 8 በመቶ የሚሆነው ደም ነው። ላምዎ 400 ኪሎ ብትሆን 30 ሊትር ገደማ ደም ይዛለች ማለት ነው። የተወሰደው 10 ሚሊ ሊትር፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ነው። በአንድ ክረምት መዥገር የሚጠጣባት ከዚያ ይበልጣል።

ወተቱ የቀነሰው ደንግጣ ነው። የማያውቋት ሦስት ወንዶች አንገቷን ጠምዝዘው መርፌ ሲወጉባት ሰውነቷ ውስጥ የድንጋጤ ቅመም ይረጫል፣ እርሱ ደግሞ ወተት የሚያወርደውን ይዘጋዋል። ወተቱ ጡቷ ውስጥ አለ፤ አልለቀቀችውም እንጂ። አላቢ የሆነ ሰው ይህንን ከእኔ የበለጠ ያውቀዋል። በማግሥቱ ወይም በሁለተኛው ቀን ወደ ቦታው ካልተመለሰ ምክንያቱ ሌላ ነውና ጡቷን ያስመርምሩ።

ሌላ ጊዜ ሲመጡ ሦስት ነገር ይጠይቋቸው። አንደኛ፣ ከታለበች በኋላ ይቅዱ። ከተቻለም ከጅራቷ ሥር ይሁን፤ ጅራቷን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ይዞ ከሥሩ መሃል ለመሃል የሚቀዳ ነው፣ ብዙ ላሞች ከአንገቱ ይልቅ ይታገሡታል። ሁለተኛ፣ ለየላሟ አዲስ መርፌ ሲፈቱ በዓይንዎ ይዩ። አንዱን መርፌ ለሁለት ከብት የሚጠቀም ሰው በሽታ ሊፈልግ መጥቶ በሽታ አድርሶ ይሄዳል። ይህንን ሲያዩ ቢከለክሉ መብትዎ ነው፤ ሐኪም ነኝ ቢልም።

ሦስተኛው ውጤቱ ነው። ይህንን ስጽፍ ያመኛል። ከእኔ መስኮት ተፈርሞና ማኅተም ተደርጎበት የወጣ ስንት ወረቀት አንድ መሳቢያ ውስጥ ቀርቷል! ባለቤቷ ላሟን ይዞ ቆሟል፣ ደሙ ከእርሱ በረት ወጥቷል፤ የመጨረሻው ቃል ግን ለእርሱ አይደርስም። የባለቤትዎ ቁጣ ከዚህ የመጣ እንጂ ከመርፌው አይመስለኝም። ከመሄዳቸው በፊት የናሙናውን ቁጥር በራስዎ ደብተር ላይ ይጻፉ፣ የሰውየውን ስልክ ይያዙ፣ በወሩ ይደውሉ። ቁጥር ይዞ የሚጠይቅ ሰው ቶሎ ይመለስለታል።

«ምን ሊያደርጉት ነው?» ላሉት ባለቤትዎ ደግሞ አንድ ነገር ይንገሩልኝ። በ1880 ዓ.ም. ግድም ገብቶ የአገሪቱን ከብት የጨረሰው፣ ሞፈር ያሰቀለው፣ አያቶቻችን ክፉ ቀን የሚሉትን ረሃብ ያስከተለው በሽታ ስሙ ደስታ በሽታ ይባላል፤ እንዲህ ያለውን ነገር ማን ደስታ እንዳለው እግዜር ይወቀው። ኢትዮጵያ ከዚህ በሽታ ነፃ መሆኗ በ2000 ዓ.ም. ታወቀላት፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። መጥፋቱ የተረጋገጠው እንዴት ነው? ክትባቱ ከቆመ በኋላ ከተወለዱ ከብቶች ደም እየተቀዳ፣ ሴረሙ ውስጥ የበሽታው ዱካ እየተፈለገና እየታጣ ነው። በየበረቱ ሁለት ሁለት የሻይ ማንኪያ። ባለበረቶቹ ሁሉ «ደጃችንን አትርገጡ» ቢሉ ኖሮ ዛሬም እየተጠራጠርን ነበር።

ጥያቄ፦ ማታ ደህና የነበረ በሬያችን ጠዋት ሞቶ ተገኘ። ሆዱ ወዲያው ተነፍቷል፣ ከአፍንጫውና ከኋላው ጥቁር ደም ይፈሳል። ጎረቤቶች ቢላዋ ይዘው መጥተዋል፣ ሥጋው እንዳይባክን ይላሉ። እኔ ደሙን በውሃ ፕላስቲክ ቀድቼ ላስመረምር አስቤያለሁ። ምን ያህል ልቅዳ?

መልስ፦ ምንም! ደብዳቤህ በደረሰኝ ሰዓት ደውዬልሃለሁ፣ በሬው ቀድሞ መበለቱንም ነግረኸኛል። እዚህ የምጽፈው ለሌሎቹ ነው።

በድንገት የሞተ፣ ከቀዳዳዎቹ የማይረጋ ጥቁር ደም የሚወጣው ከብት፣ ሌላ መሆኑ እስኪረጋገጥ ድረስ አባ ሰንጋ ነው። አይገፈፍም፣ አይከፈትም፣ ሥጋው አይበላም፣ ለውሻም አይጣልም። የአባ ሰንጋ ተሕዋስ በሬው ውስጥ እንደተዘጋ ቢቀር ከመበስበሱ ጋር አብሮ ይሞታል። ቢላዋ ከፍቶ አየር ሲያገኝ ግን ጠንካራ ቅርፊት ይለብስና አፈሩ ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይቀመጣል። በሬው የተገፈፈበት ሣር ላይ የልጅህ በሬ ይግጥና ይሞታል ማለት ነው። መቀቀልም አያስተማምንም።

ናሙና የሚወሰደው በባለሙያ ነው፣ የሚወሰደውም ትንሽ ነው። ጓንት ያደረገ ሰው ከጆሮ ጫፍ በመርፌ አንዲት ጠብታ አውጥቶ ስላይድ ላይ ያሰፋታል፣ ያደርቃታል፣ ቀዳዳውን ይደፍነዋል። ፕላስቲክ ሙሉ ደም ይዞ ታክሲ መሳፈር ግን በሽታውን ለመንገደኛ ማከፋፈል ነው። የአንተ ሥራ ሰዉን መከልከል፣ ውሻና ጥንብ አንሣ እንዳይደርስ በእሾህ ማጠር፣ ለወረዳው የእንስሳት ጤና መደወል ነው። ከዚያ ከነቆዳው ይቃጠላል ወይም ቢያንስ ሁለት ሜትር ጉድጓድ ይቀበራል፣ በአካባቢው ያሉ ከብቶችም ይከተባሉ። ሥጋውን የነካ ወይም የቀመሰ ሰው ቁስል እስኪወጣበት ሳይጠብቅ ጤና ጣቢያ ሄዶ ነገሩን ሳይደብቅ ይናገር። መድኃኒት አለው፤ ቶሎ ከሆነ።

ስለ ቅርጫው ገንዘብ ክርክር መጀመሩንም ሰምቻለሁ። እርሱን ለሽማግሌ ተዉት።

ጥያቄ፦ ግቤ ሸለቆ ውስጥ በሬ አለኝ። ከስቶ ጸጉሩ ቆመ። የመጣው ባለሙያ ከጆሮው ጥቂት ደም በቀጭን የብርጭቆ ቀሰም ስቦ፣ በመሣሪያ አሽከረከረና «ገንዲ ነው» አለኝ። ይህን ያህል ደም ምን ይናገራል?

መልስ፦ ብዙ ይናገራል፣ ወንድሜ። ቀሰሟ በደቂቃ 12,000 ዙር ለ5 ደቂቃ ስትሽከረከር ቀዩ ሕዋስ ከታች ይጫናል፣ የጠራው ፈሳሽ ከላይ ይቀራል፣ በመካከላቸው ደግሞ ስስ ነጭ ቀለበት ይታያል። ከቀሰሟ ርዝመት ቀዩ የያዘው በመቶኛ ይለካል። ጤነኛ ከብት ከ24 እስከ 46 በመቶ ነው። ከ24 የወረደ በሬ ደም አንሶታል፣ ገንዲ የሚያስጠረጥረውም ይኸው ነው። ቀጥሎ ቀሰሟ ልክ ከነጩ ቀለበት በታች ትቆረጥና ማይክሮስኮፕ ሥር ትገባለች። ገንዲን የሚያመጣው ተውሳክ፣ ትሪፓኖሶማው፣ በሕይወት ካለ ሕዋሳቱን እየገፈተረ ሲዋኝ ይታያል፤ ጭቃ ውሃ ውስጥ የገባ ትንሽ ዓሣ በለው። መጀመሪያ ያየሁት ቀን ከወንበሬ ተነሥቻለሁ።

ባለሙያህ መሣሪያውን በረትህ ድረስ ይዞ መምጣቱን አመስግን። ይህ ተውሳክ ከከብቱ ከወጣ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ይሞታል፣ ሲሞት ደግሞ አይዋኝም፣ ካልዋኘ በቀላሉ አይገኝም። ደሙ ከተማ ድረስ በአውቶቡስ ሄዶ ቢሆን ኖሮ «አልተገኘም» የሚል ወረቀት ይዘህ በሬህን ትቀብር ነበር።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ የምኖረው ፍራንክፈርት ነው። እናቴ ከአዲስ አበባ ወደ እኔ ልትመጣ ነው፤ «ውሻዬን ትቼ አልሄድም» ብላለች። የውሻው ደም መመርመር አለበት አሉኝ። በአንድ ወር ውስጥ ያልቃል?

መልስ፦ አያልቅም፣ ልጄ። የእናትሽን ትኬት አራት ወር ወዲያ ግፊው።

ጀርመን የምትከተለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ነው፣ ኢትዮጵያም የደም ምርመራ ከሚጠየቅባቸው አገሮች ወገን ናት። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ እንደ አዲስ ይጀመራል። በመጀመሪያ ማይክሮቺፕ ይገባለታል። ቀጥሎ ዕድሜው ቢያንስ 12 ሳምንት ከሆነ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ይወስዳል። ከክትባቱ ቢያንስ 30 ቀን ቆይቶ ደሙ ይቀዳል። ሴረሙ ኅብረቱ ዕውቅና ወደ ሰጠው ላቦራቶሪ ይላካል፣ የመከላከያው መጠን በሚሊ ሊትር ቢያንስ 0.5 ዓለም አቀፍ ዩኒት መሆን አለበት። ከዚያም ደሙ ከተቀዳበት ቀን ጀምሮ ሦስት ወር መጠበቅ አለ። የሚቆጠረው ከተቀዳበት ቀን እንጂ ውጤቱ ከመጣበት ቀን አይደለም፤ በዚህ የሚሳሳቱ ብዙ ናቸው።

ሐኪሙ ከመቅዳቱ በፊት የማይክሮቺፑን ቁጥር በመሣሪያ አንብቦ ቲዩቡ ላይ ይጻፍ፤ የውሻው ስም ብቻ አይበቃም። የሚቀዳው ከፊት እግሩ ነው፣ እናትሽ ጭንቅላቱን ይያዙት። ስለ ፍየሎቹ ለጠየቀው ልጅ ያልኩትን ሁሉ ለዚህም ይጠብቅ፦ ይርጋ፣ ይለይ፣ ከዚያ ይሂድ። የዚህ ምርመራ ሥራ በሕያው ሕዋስ ላይ ስለሆነ የቀላ ሴረም ሕዋሱን ራሱን ሊገድለው ይችላል። አስተሻሸጉ ሦስት ድርብ ነው፦ የማያፈስ ብልቃጥ፣ ቢሰበር ፈሳሹን ሁሉ የሚመጥ ጥጥ ያለበት ሁለተኛ ዕቃ፣ ከውጭ ጠንካራ ሳጥን። አክስትሽ በእጅ ቦርሳቸው ይዘውት ይምጡ የሚለውን ሐሳብ ተዪው፤ ፈቃድና ወረቀት አለው፣ ሐኪሙ ያውቀዋል።

ውጤቱ አንዴ ካለፈ፣ ክትባቱ ቀኑ ሳያልፍ እስከታደሰ ድረስ ዳግመኛ አይጠየቅም። እዚያው አውሮፓ ውሻ ያላችሁና ለጥቂት ወራት አገር ቤት ይዛችሁት የምትመጡ ደግሞ ከመውጣታችሁ በፊት ምርመራውን እዚያው አስጨርሱ። ውጤቱ በፓስፖርቱ ላይ ከተጻፈ ሲመለስ ሦስቱን ወር አይጠብቅም።

ጥያቄ፦ ቢሾፍቱ ዶሮ አረባለሁ። ዶሮዎች እየሞቱብኝ ነው። የሞቱትን ለደም ምርመራ ልውሰድ?

መልስ፦ ከሞተ ዶሮ ሴረም አይገኝም። የሞቱት አስከሬናቸው ተከፍቶ ለሚታይበት ምርመራ ይጠቅማሉ፣ በድርብ ፌስታል አሥረው በቅዝቃዜ ይውሰዷቸው። ለደም ግን በሕይወት ያሉት ይፈለጋሉ፣ ምልክት የጀመራቸውም ደህና የሚመስሉትም። ዶሮዋን በጎኗ አጋድመው ክንፏን ሲዘረጉ ከውስጥ በኩል፣ ክርኗ ላይ፣ አረንጓዴ የመሰለ የደም ሥር ያያሉ። ጥቂት ላባ ነቅለው በአልኮል ሲያረጥቡት ይጎላል። ቁጥር 23 ወይም 25 መርፌ ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ሚሊ ሊትር ይበቃል፣ 1.5 ኪሎ የምትመዝን ዶሮ አትጎዳበትም። ሲሪንጁን በዝግታ ይሳቡ፤ የዶሮ ደም ሥር ስስ ነውና ከቸኮሉ ይጨፈለቃል። መርፌው ሲወጣ ቦታውን አንድ ደቂቃ ያህል ተጭነው ይያዙ፣ አለበለዚያ ከቆዳው ሥር ይቋጥራል። ቲዩቡን አጋድመው ደሙ እስኪረጋ ይተዉት። በዚያ ጫማም ወደ ሌላኛው የዶሮ ቤት እንዳይገቡ።